ከጠበቃነት ወደ ዳኝነት

ተማሪዎች ሆይ! በከባድ ወንጀል የተከሰሰ አንድ የቡሬ ገበሬ በፍኖተ ሰላም ችሎት ቆሟል እንበል። ጠበቃ የሚያቆምበት ገንዘብ የለውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20(5) እንደሚደነግገው፣ ጠበቃ በማጣቱ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል። «ጠበቃ» የወጣው «ጠበቀ» ከሚለው ግሥ ነው፤ የሚጠብቀውም አንዱን ወገን ነው። «ዳኛ» ከ«ዳኘ» ይወጣል፤ የሚዳኝ ሰው ሁለቱንም ወገን መስማት አለበት።

ይህ ጠበቃ ለዳኝነት ቢታጭስ? «ዕጩ» ከ«ዐጨ» የተገኘ ቃል መሆኑን ልብ በሉ። በገጠር የታጨች ልጃገረድ ገና እንዳላገባች ሁሉ፣ ዕጩውም ገና ዳኛ አይደለም፤ የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርበዋል፣ የክልሉ ምክር ቤት ይሾመዋል። ከተሾመ በኋላ ያ ገበሬ በዚያው ክስ ፊቱ ቢቀርብ፣ ዳኛው ከችሎቱ ይነሣል።

ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ አስቀድሞ ዳኛ ነበሩ፤ ቀጥሎም ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. አገለገሉ።

መልመጃ፦ ሀ) «ጉባኤው ጠበቃውን ዐጨ፤ ምክር ቤቱም ሾመው» የሚለውን በተደራጊ ግሥ ጻፉ።
ለ) ገበሬው በሌላ ክስ ተመልሶ ቢመጣስ፣ ያው ዳኛ ሊያየው ይገባልን? በአንድ አንቀጽ ጻፉ።