ከአይቢኤም እስከ ማይክሮሶፍት፦ የዴቪድ ቦይስ የፀረ-ሞኖፖሊ ሙግቶች

የፀረ-ሞኖፖሊ ሙግት ከሁሉ አስቀድሞ የኢኮኖሚ ጥያቄዎችን ያነሳል። ገበያው የቱ ነው? ኩባንያው ተፎካካሪ ሳያሰጋው ዋጋ መወሰን ይችላል? የአሜሪካዊው ጠበቃ የዴቪድ ቦይስ የሙያ ጉዞ ግን እነዚህ ጥያቄዎች ችሎት ፊት ሲደርሱ በአብዛኛው ወደ አንድ ጥያቄ እንደሚጠቡ ያሳያል፤ ይኸውም ምስክሩ ይታመናል ወይ የሚለው ነው።

ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1966 ከዬል የሕግ ትምህርት ቤት ተመርቀው በኒው ዮርክ በሚገኘው ክራቫት፣ ስዌይን እና ሙር የጥብቅና ድርጅት ሥራ ጀመሩ። ሞኖፖሊን የተዋወቁት በተከሳሽ ወገን ቆመው ነው። መንግሥት በ1969 አይቢኤምን በሸርማን አዋጅ ሲከስ፣ ቦይስ ከኩባንያው ተከላካዮች መካከል ነበሩ። ክሱ 13 ዓመታት ያህል ተጓትቶ በ1982 በራሱ በመንግሥት ተነሳ።

ከድርጅቱ የለቀቁት በ1997 ሲሆን፣ መንስኤው ራሱ የውድድር ሕግ ክስ ነበር። የያንኪስ ቤዝቦል ቡድን በሊጉ ላይ ያቀረበውን ክስ ይዘው ሳለ፣ የሌላ ቡድን ባለቤት የነበረው የድርጅቱ ደንበኛ ታይም ዋርነር ተቃወመ። ቦይስ ያንኪስን ከመተው ድርጅቱን መተው መረጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የፍትሕ ሚኒስቴር በማይክሮሶፍት ጉዳይ እንዲከራከሩለት ቀጠራቸው።

በግንቦት 1998 የቀረበው ክስ፣ ኩባንያው በዊንዶውስ ላይ ያለውን የበላይነት ለመጠበቅ ኔትስኬፕ የተባለውን የኢንተርኔት ማሰሻ በሕገወጥ መንገድ አዳክሟል የሚል ነበር። ቢል ጌትስ ችሎት አልቀረቡም፤ ከችሎቱ አስቀድሞ ለ20 ሰዓታት ያህል የሰጡት ቃል ግን በቪዲዮ ተቀርጾ ነበር። ጌትስ በተራ ቃላት ፍቺ ላይ ይከራከራሉ፤ የራሳቸውን ኢሜይሎች አላስታውስም ይላሉ። ቦይስ ቅጂውን በአንድ ጊዜ አላሳዩትም፤ በሙግቱ ሂደት ሁሉ እየቆራረጡ አቀረቡት። ጉዳዩ የሚታየው ያለ ዳኞች ጉባኤ፣ በአንድ ዳኛ ብቻ ስለነበር፣ ማሳመን የሚያስፈልገው እኚህን ሰው ነበር። በየካቲት 1999 የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊ ጂም አልቺን ያቀረቡት የቪዲዮ ማሳያ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲፈተሽ፣ በአንድ ኮምፒውተር የተደረገ ሙከራ እንዳልሆነ ታወቀ። በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ የከሳሽን የኢኮኖሚ ትንተና ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይልቅ ያጠናከረው ይህ ነው።

ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በኅዳር 1999 የፍሬ ነገር ግኝታቸውን ለከሳሽ በሚደግፍ መልኩ አወጡ፤ በሰኔ 2000 ደግሞ ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል አዘዙ። ዘዴው የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የምስክር ተዓማኒነት ጥፋትን ለማስረዳት ይበቃል፤ ገበያው እንዴት ይታረም ለሚለው ግን መልስ አይሰጥም። በመፍትሔው ላይ የተለየ የማስረጃ መስማት አልተካሄደም፤ ዳኛውም ለጋዜጠኞች በምስጢር ቃለ ምልልስ ሰጥተው ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሰኔ 2001 ኩባንያው ሞኖፖሊውን በሕገወጥ መንገድ አስጠብቋል የሚለውን ውሳኔ በአብዛኛው ሲያጸና፣ የመክፈል ትእዛዙን ሽሮ ዳኛውን ከጉዳዩ አነሳ። በኅዳር ወር መንግሥትና ማይክሮሶፍት ተስማሙ፤ ኩባንያውም ሳይከፈል ቀረ።