ሳጥኑ ሲከፈት ማን ይቅደም?

የሚነበብ ክፍል፦ ዘዳግም 15፥7-11፤ የሐዋርያት ሥራ 6፥1-6፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21

ባለፈው ጥናት ስለ መስጠት ተማምረን ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችሁ “መስጠቱስ እሺ፣ ግን ለማን?” ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ጥያቄው ልክ ነው። እኛ ካኩማ የምንኖር ሰዎች የምንሰጠው ከትርፋችን አይደለም። ከራሽኑ ላይ 20 ሽልንግ ያወጣች እናት የልጇን ሻይ ነው ያወጣችው። ስለዚህ ያ 20 ሽልንግ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ክርክር መውደድ አይደለም።

መጀመሪያ የራሴን ስሕተት ልናገር። አምና የምጽዋቱ ሳጥን ሲከፈት 12,400 ሽልንግ ተገኘ። አከፋፋዩ እኔ ነበርኩ። ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ ለ31 ቤት እኩል አካፈልኩት፣ ለእያንዳንዱ 400። ማንም አላጉረመረመም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በሳምንቱ ቤት ለቤት ስዞር አንድ አባት 400ዋን ለሱቅ ዱቤ ከፍለው፣ ምድጃቸው ቀዝቅዞ አገኘኋቸው። ከእሳቸው ሁለት ቤት አልፎ ደግሞ ልጁ ከውጭ አገር በየወሩ የሚልክለት ሰው አለ። ለእሱም 400 ደርሶታል! እኩል ሰጠሁ እንጂ በትክክል አልሰጠሁም። ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ።

በኋላ በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ሥልጠና ላይ አስተማሪያችን የአይሁድ መምህራን ይህን ጉዳይ እንዴት እንዳዩት አስረዳን። “የአይሁድን ትምህርት ምን አመጣው?” የሚል ሰው ይኖራል። ጌታችንም ጳውሎስም ያደጉት በዚያው በኦሪት ነው፤ ኦሪትን ለረጅም ዘመን ቃል በቃል ሲመረምሩ የኖሩትን ሰዎች መስማት አይጎዳንም። እኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ፤ የገባኝን ያህል ነው የማካፍላችሁ።

አይሁድ ለድሃ መስጠትን ጸዳቃ ይሉታል። ቃሉ እኛ ጽድቅ ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ለእነሱ ምጽዋት ሰውየው ደግ ስለሆነ ብቻ የሚያደርገው አይደለም፤ ማድረግ ያለበት ትክክለኛ ነገር ነው። ዘሌዋውያን 19፥9-10ን አንብቡ። የእርሻው ዳር የድሃውና የስደተኛው ነው እንጂ ባለ እርሻው ደስ ሲለው የሚሰጠው አይደለም። ሩት በቦዔዝ እርሻ ስትቃርም ሕጉ የሰጣትን ነበር የምትሰበስበው። እሷም እንደኛ ስደተኛ ነበረች።

ታዲያ ለማን? ዘዳግም 15፥7 ላይ ቃላቱን በቀስታ ተከተሉ፦ ወንድምህ፣ ከዚያ ከተማህ፣ ከዚያ ምድርህ። መምህራኑ ይህንን ተራ አድርገው ያዙት። ዘመድህ ይቀድማል፣ ቀጥሎ የከተማህ ድሃ፣ ቀጥሎ የሌላ ከተማ ድሃ። ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ስለ ቤተ ሰብ፣ በገላትያ 6፥10 ስለ እምነት ቤተ ሰዎች ወደዚሁ የቀረበ ነገር ይናገራል። ቅርብ ያለውን ችግር ታየዋለህ፤ ማን ራበው፣ ማን ዋሸ ታውቃለህ።

ግን ተራው ብቻ ቢሆን ምን ይመጣል? የኖሩት ከ1829 እስከ 1908 የሆነ፣ የሺየል ሚኬል ኤፕስታይን የሚባሉ መምህር አንድ ነገር አስተዋሉ። ሀብታም ለዘመዱ፣ ለዘመዱ ብቻ ከሰጠ፣ ሀብታም ዘመድ የሌለው ድሃ በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ ለቅርቡ አብልጠህ ስጥ፣ ለሩቁም ግን ድርሻ አስቀር አሉ። እስቲ ይህን በራሳችን ብሎክ አስቡት። አሜሪካ ወንድም ያለው አለ፣ አረብ አገር እህት ያለችው አለ፣ ማንም የሌለው አለ። “ዘመድ ይቅደም” ብለን እዚያ ላይ ካቆምን ማንም የሌለው ሰው የማንም ተራ ውስጥ አይገባም።

ደግሞ ታልሙድ በሚባለው መጽሐፋቸው፣ ስለ ሰላም ሲባል የእስራኤልን ድሃ ስትረዱ የሌላውንም ሕዝብ ድሃ አብራችሁ ርዱ የሚል ሥርዓት አለ። እንጨትና ከሰል ተሸክመው የሚመጡትን የቱርካና እናቶች ታውቋቸዋላችሁ። እኛ ራሽን እንቀበላለን፣ እነሱ በገዛ አገራቸው ቆመው ያያሉ። ከሳጥናችን አንድም ሳንቲም ወደ እነሱ ሄዶ አያውቅም ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ስለ ማጣራትም ተናግረዋል። ልብስ የጠየቀ ይጣራል፤ ምግብ የጠየቀ ግን ሳይጣራ ይበላል። እኛ ግን ሰው እየራበው ካርድ አምጣ፣ ቁጥር አምጣ መባልን ስለለመድነው እኛም በተራችን እንጠይቃለን። እነሱ ደግሞ የምጽዋቱን ገንዘብ ሁለት ሰው ይሰብስበው፣ ሦስት ሰው ያከፋፍለው ብለው ወስነዋል። የሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ሰባት ሰዎች የተመረጡት ለምን ይመስላችኋል? እኔ ብቻዬን ማከፋፈሌ ራሱ ጥፋት ነበር።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የሙሴ ማይሞኒደስ ነገር ነው። እኚህ ሰው በስፔን አገር በኮርዶባ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ በሃይማኖት ምክንያት ቤተ ሰባቸው ተሰደደ፤ ሞሮኮ ኖሩ፣ በኋላ ግብፅ ገብተው ሐኪም ሆኑ፣ በ1204 እዚያው አረፉ። እሳቸው ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፈሉት። የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ፊትን አጥቁሮ መስጠት ነው። ሰጪና ተቀባይ ሳይተዋወቁ የሚደረገው ከፍ ያለ ነው። ከሁሉ የበላይ ግን ሰውየው ከእንግዲህ እጁን እንዳይዘረጋ ማድረግ ነው፦ ማበደር፣ ሸሪክ ማድረግ፣ ሥራ መስጠት። ስደተኛ የነበረ ሰው ይህን ከሁሉ በላይ ማድረጉ አይገርመኝም። የሚያሳፍረው መራብ ብቻ አይደለም፣ መለመንም ነው።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮው ሳጥን። በዚህ ወር 13,200 ሽልንግ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ሦስት ሆነን ተቀመጥን፣ አንዷ እህት ናት። አራት ጥያቄ ቀረበልን። ራሽናቸው የተቀነሰባቸው አንድ አባት፣ የምጣድ ሥራዋ የቆመባት እህት፣ ልጇ የታመመባት የቱርካና እናት፣ አራተኛው ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ሊቢያ የተያዘበት ወንድማችን። “ስሜ አይጻፍ እንጂ ነገሩ ይጻፍ፣ ሌላውም ይወቅ” ብሎ ፈቅዶልኛል። ያጋቾቹ ጥያቄ 6 ሺህ ዶላር ነው። በስልክ የልጁን ጩኸት ያሰሙታል። ሙሉውን 13,200 ስጡኝ አለ።

እዚህ ላይ ረጅም ሰዓት ቆየን። በአይሁድ ዘንድ የታሰረን ማስለቀቅ ድሃን ከማብላት እንኳ ይቀድማል፤ የተያዘ ሰው ረሃቡም፣ ዱላውም፣ ሞቱም አንድ ላይ ነውና። በሱዳን የስደተኛ ካምፕ ሲሞቱ የነበሩትን ቤተ እስራኤላውያን በ1984 ለማውጣት፣ በ1991 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ለመውሰድ ያን ሁሉ የደከሙት በዚህ መንፈስ ነው። በ1991 ለኢትዮጵያ መንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተከፍሏል፤ ያዋጡት የአሜሪካ አይሁድ ናቸው። ነገር ግን ሚሽና የሚባለው የጥንት ሕጋቸው የታሰረን ከዋጋው በላይ ከፍላችሁ አታስለቅቁ ይላል። ምክንያት ብለው ከሰጡት አንዱ፣ ብዙ ሲከፈለው አጋቹ ሌላ ሰው ለመያዝ ይበረታል የሚል ነው። ይህ ሕግ የማኅበርን ገንዘብ ይመለከታል፤ ሰው ስለ ራሱ ነፍስ ያለውን ሁሉ ቢከፍል ግን አይከለከልም።

እኔ በእውነት ልንገራችሁ፤ የኔ ወንድም ቢሆን ልብሴን ሸጬ እልክ ነበር። የሳጥኑ ገንዘብ ግን የኔ አይደለም። 13,200ው ከ6 ሺህ ዶላር አጠገብ ምንም አይደለም፤ ልጁን አያስለቅቅም፣ አጋቾቹ ግን ካኩማ ያለ ቤተ ክርስቲያን ይከፍላል ብለው ይጽፉታል። ከሦስታችን አንዱ አልተስማማም፤ “ለነፍስ ሒሳብ አይሠራም” አለ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ሁለት ለአንድ ወሰንን።

ለአባታችን ምግብ 3,000። ለምጣዷ እህት ለዱቄትና ለከሰል 5,000፣ በብድር፤ በየሳምንቱ 250 ትመልሳለች፣ የተመለሰው ለሌላ ሰው ይሄዳል። ለቱርካናዋ እናት ለሕክምና 1,000። የቀረው 4,200 ለዚያው ወንድማችን ቤት፣ ለቤዛ ሳይሆን ለልጆቹ ምግብ፤ ለካ ሁለት ወር ሙሉ ራሽኑን እየሸጠ ሲልክ ኖሯል፣ ልጆቹ ጎረቤት ነበር የሚበሉት። ይህን ያወቅነው ቤቱ ስለሄድን ነው። እሱ አልቀበልም አለ፤ ባለቤቱ ተቀበለች። ከዚያ ሦስት እሁድ ቀረ። ባለፈው ማክሰኞ ሄጄ አብረን ሻይ ጠጣን፤ ብዙም አላወራን። ልጁ እስካሁን አልተለቀቀም።

ከኪሳችሁ ልትረዱት የምትፈልጉ ብትኖሩ ያ የእናንተና የጌታ ጉዳይ ነው፤ የሚከለክላችሁ የለም። ለእሱ ለብቻው ስጡት፣ ሰው ፊት አይሁን (ማቴዎስ 6፥3-4)።

ሐሙስ ማታ በቡድን ስትቀመጡ በዚህ ላይ ተነጋገሩ፦ እናንተ ከሦስቱ አንዱ ብትሆኑ እጃችሁን ለየትኛው ታወጡ ነበር? በየብሎካችሁስ ማንም ዘመድ የማይልክለት ሰው ማን ነው? ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ለእህታችን ስጧት፣ ጮክ ብላችሁ አትጥሩት። ወንድማችንም እመጣለሁ ብሏል። ከመጣ ከመሐል ቦታ ያዙለት።