ግድግዳው ከመውደቁ በፊት

እንደሚታወቀው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራያቸውንም ቀነሰ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት በቀበሌ ሥር ሆኑ። አዳማ ያደግሁበት ቤት ከነዚህ አንዱ ነው። ከትንሽ ኪራይ የእድሳት ገንዘብ አይወጣም፤ ስለዚህ ቤቱ የሚጠገነው ሲፈርስ ብቻ ነው።

የጭቃ ቤት ግን ምልክት ሳይሰጥ አይወድቅም። አያቴ በየግንቦቱ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ምሰሶዎቹን ከሥር ከሥራቸው በዘነዘና ታንኳኳለች። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡን ምስጥ በልቶታል ማለት ነው። ቀጥላ ምርጊቱን ታያለች። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ መሬት ነክቶ ስለሚረጭ ግድግዳው የሚርሰው ከታች ነው፤ ጭቃው እዚያ ከረገፈ እንጨቱ ይበሰብሳል። መሐንዲሶች ትንበያ የሚሉት ይኸው ይመስለኛል፤ የሷ መዝገብ የለውም እንጂ።

አምና የኩሽናውን ምሰሶ አንኳኩታ "ይሄ ክረምቱን አይሻገርም" አለች። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ገና መቼ ወደቀ?" ተብዬ ተመለስኩ። ነሐሴ ላይ፣ ሌሊት፣ ወደቀ፤ ደግነቱ ውስጡ ማንም አልነበረም።

ዘንድሮ ለምሰሶዎቹ ቁጥር ሰጥቼ የሰማሁትን ከነቀኑ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የሳሎኑ ሦስተኛ ምሰሶ ድምፁ ተለውጧል።