ግሪሳን ከሌሎች ትናንሽ ወፎች መለየት

ማሽላው ወተት ሲቋጥር ማሳው ዳር ቡናማ ትናንሽ ወፎች ይበዛሉ። ሁሉንም «ግሪሳ» ማለት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ድንቢጥን ግሪሳ ብሎ ሪፖርት ማድረግ የአሰሳ ባለሙያውን በከንቱ ያደክማል፤ ግሪሳን ድንቢጥ ነው ብሎ ማለፍ ደግሞ ምርት ያሳጣል። አንድ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል። መንጋው አንድ ሚሊዮን ከሆነ በቀን 100 ኩንታል ማለት ነው።

በመራቢያ ወቅት ወንዱ ፊቱ ብዙ ጊዜ ጥቁር፣ ማንቁሩ ቀይ ስለሆነ አያስቸግርም። የሚያስቸግሩት ሴቷና ከመራቢያ ወቅት ውጭ ያሉት ናቸው፤ ጀርባቸው ቡናማና ዝንጉርጉር ስለሆነ ከብዙ ወፎች ጋር ይመሳሰላሉ። በክረምት እንደ እሳት ቀልቶ የምታውቁት ቀይና ጥቁር ወፍ እንኳ ወቅቱ ሲያልፍ ያን ላባ ጥሎ ቡናማ ይሆናል። ወፍ በማጥናት የኖሩ ሰዎችም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

ስለዚህ ከላባው በፊት ማንቁሩን እዩ። የግሪሳ ማንቁር አጭር፣ ወፍራምና ቀይ ነው። ድንቢጥ ግን ቀይ ማንቁር የላትም፤ ራሷ ግራጫ፣ ጀርባዋ የዝገት መልክ ያለው ሲሆን በቤትና በአውድማ ዙሪያ በትንሽ በትንሹ ሆና ትለቅማለች። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሴቷ ግሪሳ በመራቢያ ወቅት ማንቁሯ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ የዘንድሮ ጫጩቶችም ማንቁራቸው ገና አልቀላም። ስለዚህ አንድ ወፍ አይታችሁ አትወስኑ፣ በመካከላቸው ባለ ቀይ ማንቁር ፈልጉ። ስታዩም ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ፀሐይ ከፊት ከሆነች ሁሉም ማንቁር ጥቁር ይመስላል።

ከሩቅ ማንቁር ካልታየ አበራረሩን ተመልከቱ። የግሪሳ መንጋ እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ይነሳል፤ ሲለቅምም ከኋላ ያሉት ከፊት ያሉትን እየዘለሉ ማሳው ላይ እንደ ማዕበል ይንከባለላሉ።

ግሪሳ መሆኑን ስታረጋግጡ አመሻሹ ላይ ወዴት እንደሚበር ተከታተሉ። ርጭት የሚካሄደው በማደሪያው ወይም በጎጆው ቦታ እንጂ በማሳ ላይ አይደለም። ማደሪያው እሾሃማ ግራር ወይም የውኃ ዳር ደንገል ሊሆን ይችላል። ሌሎች ወፎች አብረው ካደሩ ይህንንም ተናገሩ፤ ኬሚካሉ ለይቶ አይገድልም፤ የሞተውን የሚበላ አሞራም ይመረዛል። ከርጭት በኋላ የወደቀ ወፍ ለቅማችሁ አትብሉ፣ ልጆችንም ከልክሉ።

ቦታውን፣ የማንቁሩን ቀለምና የሰብሉን ደረጃ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው በዕለቱ አሳውቁ። ጎጆ ካገኛችሁ እንቁላል ወይም ጫጩት መኖሩንም ጨምሩ፤ እንቁላሉ ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል።