የከሰል መርዝና የአንጐል ምርመራ

ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ያወጣል። ይህ አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ ስለዚህ ጢሱ የጠፋ ፍም ጕዳት የለውም ብሎ ማሰብ ታላቅ ስሕተት ነው። መርዙ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ኦክሲጅን ከሚጣበቅበት ኀይል ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኀይል ነው፤ በዚህም የኦክሲጅንን ቦታ ይነጥቃል። ኦክሲጅንን አብዝተው የሚሹት አንጐልና ልብ ስለ ሆኑ ከሁሉ አስቀድመው ይጐዳሉ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ ባንድነት ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ሲያዞራቸውና ሲያቅለሸልሻቸው ከሰሉን መጠርጠር ይገባል።

ሐኪም መርዙን እንዴት ያውቃል?

ዋናው የደም ምርመራ ነው። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ የተመረዘውን ደም ከጤነኛው ስለማይለይ ብቻውን አይታመንም። ዳሩ ግን ሕመምተኛው ንጹሕ አየር ካገኘ መርዙ በሰዓታት ውስጥ ከደም እየወጣ ይሄዳል፤ ዘግይቶ የተወሰደ ደም ምስክርነቱ ይደክማል። በአንጐል ላይ የቀረውን ጕዳት ለማየት የሚረዳው የአንጐል ሥዕል ነው።

ሲቲ ስካን በራጅ ጨረር የሚሠራ ሲሆን፣ ሰው በመጀመሪያ የተመረመረበት በለንደን ከተማ በ1971 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) ነው። በመግነጢስ ኀይል የሚሠራው ኤም አር አይ ደግሞ ገና የጀመረውን ጕዳት ይልቁን አጥርቶ ያሳያል። በአንጐል ጥልቅ ክፍል በግራና በቀኝ ግሎቡስ ፓሊዱስ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ አካላት አሉ፤ መርዙ አብዝቶ የሚመታው እነዚህን ነው። በሲቲ ስካን ጠቍረው፣ በአንዳንድ የኤም አር አይ ሥዕሎች ነጥተው ይታያሉ።

ሆኖም ሌላ መርዝ ወይም ሌላ የኦክሲጅን እጦት ይህንኑ ምልክት ሊያመጣ ይችላል፤ ሥዕሉ ደኅና ቢሆንም መርዝ አልነበረም አያሰኝም። ስለዚህ «በቤት ውስጥ ከሰል ይነድ ነበር» የሚለው የቤተሰብ ቃል ለሐኪሙ ከሥዕሉ ያላነሰ ማስረጃ ነው።

ከዳነ በኋላ የሚመጣ ሕመም

ደኅና የሆነ የመሰለ ሰው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መርሳት ሊጀምር፣ ጠባዩ ሊለወጥ፣ አረማመዱ ሊበላሽ ይችላል። ይህ የሚሆነው የአንጐሉ ነጭ ክፍል ሲጐዳ ነው፤ ኤም አር አይም ይህን ያሳያል። ቤተሰቡ እርጅና ነው ወይም ዕብደት ነው ብሎ ሳይተው ወደ ሐኪም ይመልሰው።

ሊደረግ የሚገባው

፩ኛ/ በርና መስኮት ከፍቶ ሕመምተኛውን ፈጥኖ ወደ ውጭ ማውጣት፤
፪ኛ/ ሳይዘገዩ ኦክሲጅን ወደሚሰጥበት ሐኪም ቤት ማድረስ፤ ሎሚ ማሽተት መርዙን ከደም አያወጣም፤
፫ኛ/ ፍም ባለበት ቤት ዘግቶ ፈጽሞ አለመተኛት።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩ፣ ትምህርቱ በልጆቹ አፍ ወደየቤቱ ይገባል።