አሸዋ ከመረሬ የሚበልጥበት አገር፦ የሱዳን አፈርና የውሃ ጠባዩ

ስለ አፈር ለምነት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበን ኬሚስትሪው ነው፤ ናይትሮጅኑ፣ ፎስፎረሱ፣ የአሲድነቱ መጠን። ዝናብ በማይጎድልበት ደጋ ይህ አስተሳሰብ ብዙም አያሳስትም። በረሃማና ከፊል በረሃማ በሆነ አገር ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የፊዚክስ ጥያቄ ነው፤ አፈሩ የወረደለትን ውሃ ምን ያደርገዋል? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ ጎረቤታችን ሱዳን እንሻገራለን። ሱዳንን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በሰሜን ጫፍ በዋዲ ሐልፋ ከዜሮ እምብዛም የማይርቀው ዓመታዊ ዝናብ በካርቱም ከ100 ሚሊሜትር ጥቂት አልፎ፣ በወድ መደኒ ወደ 300፣ በገዳሪፍ ደግሞ ወደ 600 ሚሊሜትር ስለሚደርስ፣ አንድን የአፈር ዓይነት በተለያየ ዝናብ ሥር ለመመልከት አገሩ ራሱ የተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ይመስላል። ሁለተኛው፣ የዚያ አገር ስመ ጥር የእርሻ ሜዳ የተሠራው ከእኛው ተራሮች ታጥቦ በወረደ ደለል መሆኑ ነው።

ወደ ሜዳው ከመውረዳችን በፊት አንዲት ቀላል ስሌት እንሥራ። ውሃ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባሉት ክፍተቶች ውስጥ የሚያዘው በገጽ ውጥረቱ ነው። ክፍተቱ በጠበበ መጠን አያያዙ ይጠነክራል። የ0.1 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ቀጭን ቱቦ ውሃን ወደ 30 ሴንቲሜትር ከፍታ ይስባል፤ ዲያሜትሩ በመቶ እጅ ቢያንስ ከፍታው በመቶ እጅ አድጎ 30 ሜትር ይሆናል። አሸዋ እንደ መጀመሪያው ነው፤ ሸክላማ አፈር ደግሞ እንደ ሁለተኛውና ከዚያም የጠበበ ነው። የአብዛኞቹ ሰብሎች ሥር ውሃን መሳብ የሚችለው እስከ 15 አትሞስፌር በሚደርስ ኃይል ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ አጥብቆ የተያዘ ውሃ ለተክሉ እንደሌለ ይቆጠራል። ጭብጥ አድርገው ሲይዙት እርጥብ በሚመስል መረሬ ላይ ማሽላ ጠውልጎ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን 20 ሚሊሜትር ዝናብ በደረቀ አሸዋና በደረቀ፣ ግን ስንጥቁ በተዘጋ ሸክላ ላይ ወረደ እንበል። አሸዋው ከይዘቱ 8 በመቶ ያህሉን ብቻ ውሃ ስለሚይዝ፣ ዝናቡ 25 ሴንቲሜትር ድረስ ይሰርጋል። ሸክላው ግን 40 በመቶ ያህሉን መያዝ ስለሚችል ያው ዝናብ ከ5 ሴንቲሜትር አያልፍም። ቀጥሎ ፀሐይ ትወጣለች። በቀጣዮቹ ቀናት የላይኛው 10 ሴንቲሜትር ይደርቃል ብንል፣ ሸክላው የተቀበለውን ሁሉ ለትነት አስረክቧል፤ አሸዋው ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከሥር አኑሯል። ከዚህም በላይ፣ የአሸዋው ወለል አንዴ ከደረቀ በኋላ ሰፋፊዎቹ ክፍተቶች ውሃውን ወደ ላይ ስለማያሻግሩት ደረቁ ንጣፍ እንደ ክዳን ያገለግላል። (ቁጥሮቹን የመረጥናቸው ለስሌቱ እንዲመቹ ነው፤ የነገሩ አቅጣጫ ግን በመስክም ያው ነው።)

ይህ ነገር በሱዳን ዛፎች ላይ በግልጽ የተነበበው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። የደን ባለሙያው ጄ. ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጥናት፣ አንድ የዛፍ ዝርያ በሸክላማ ምድር ላይ ለመብቀል በአሸዋ ላይ ከሚበቃው የበለጠ ዝናብ እንደሚሻ አሳይቷል። ሱዳኖች ሐሻብ የሚሉት የሙጫ ግራር በኮርዶፋን አሸዋ ላይ ከ300 ሚሊሜትር እምብዛም ባልራቀ ዝናብ ይኖራል፤ በምሥራቁ ሸክላ ላይ ግን ወደ 500 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ኢማኑኤል ኖይ-ሜር የተባለው የሥነ ምህዳር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን ወደ አጠቃላይ መርሕ ከፍ አድርጎ፣ ብልጫው ከአሸዋ ወደ ሸክላ የሚሻገረው ከ300 እስከ 500 ሚሊሜትር ባለው ዝናብ መካከል ነው ብሏል።

ስለዚህ የኮርዶፋንና የዳርፉር ቆዝ፣ ማለትም በጥንት ነፋስ ተከምሮ ኋላ በዕፅዋት የረጋው የአሸዋ ምድር፣ በንጥረ ነገር ድኻ ቢሆንም ቡልቱግ፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒና ሐብሐብ ያበቅላል። ድኽነቱን ገበሬው በራሱ ዘዴ ይክሰዋል፤ ጥቂት ዓመታት ካረሰ በኋላ መሬቱን ለሐሻብ ለቆ ከዛፉ ሙጫ እየለቀመ ያሳርፋል፤ ዛፉም ናይትሮጅን ይመልስለታል። የሚያሠጋው የዕረፍቱ ዘመን ሲያጥር ነው፤ የተራቆተውን አሸዋ ነፋስ ዳግመኛ ያነሣዋልና። በዚያው በኮርዶፋን ደቡብ ያለውና ገርዱድ የሚባለው አፈር ግን ወለሉ በዝናብ ጠብታ ተደብድቦ ስለሚጠጥር፣ ውሃው ሳይሰርግ ይፈስሳል፤ ብዙ ገበሬም ይሸሸዋል።

ወደ ጀዚራ እንምጣ። በነጭና በጥቁር ዓባይ መካከል ያለው ይህ ሜዳ ከግማሽ በላዩ ሸክላ ነው። የሸክላው ማዕድን በአብዛኛው የእኛ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ሲበሰብስ የሚወጣው ስሜክታይት ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዝናብ ብቻ ቢታረስ፣ ከላይ ባየነው ሕግ መሠረት፣ ከቆዝ ያነሰ በሆነ ነበር። ሜዳውን ያስከበረው የወንዝ ውሃ ነው። የስናር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ተጠናቅቆ ውሃው በስበት ብቻ መፍሰስ ሲጀምር፣ የሸክላው ጉድለት ሁሉ ወደ በጎነት ተለወጠ። ቦዮቹ በሲሚንቶ መለበጥ አላስፈለጋቸውም፤ ያበጠው ሸክላ ራሱ ያሽጋቸዋል። በማሳውም ውሃው መጀመሪያ በስንጥቆቹ በፍጥነት ይገባል፤ ከዚያ ስንጥቆቹ ይዘጉና መስረጉ ሊቆም ይቃረባል። መሬቱ የሚበቃውን ጠጥቶ በቃኝ ይላል ማለት ነው። አንድ መሐንዲስ ይህን የሚሠራ መሣሪያ ንደፍ ቢባል ብዙ ሳይደክም አይቀርም! ወደ 900,000 ሄክታር የሚጠጋው የጀዚራ መስኖ ያደገው በዚህ የአፈር ጠባይ ላይ ነው።

ገዳሪፍ ሦስተኛው ሁኔታ ነው። አፈሩ እንደ ጀዚራ ጥቁር ሸክላ፣ የእኛ የመተማና የሑመራ መሬት ወንድም ነው፤ ዝናቡ ግን ብልጫው ወደ ሸክላ ከሚሻገርበት መስመር በላይ ስለሆነ ማሽላና ሰሊጥ ያለ መስኖ ይበቅሉበታል። በትራክተር የሚካሄደው ሰፊ እርሻ የተጀመረው በ1940ዎቹ ነው። ችግሩ አፈሩ የሚታረስበት ጊዜ እጅግ አጭር መሆኑ ነው፤ ሳይርስ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ከራሰ በኋላ ትራክተር ይውጣል። በመካከሉ ያሉት ጥቂት ቀናት ያለፉት ገበሬ ዘግይቶ ይዘራል፤ ዘግይቶ የተዘራው ማሽላ ደግሞ ፍሬ የሚይዘው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው።

በሰሜን በረሃ እርሻው በዓባይ ዳርቻ በቀጭኑ ተዘርግቷል። ከውሃው ጠርዝ ያለውና ጎርፍ ሲመለስ የሚዘራበት ገርፍ፣ ከፍ ሲል ጉሬር፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አሮጌው ካሩ ይባላል። ካሩ ላይ ሶዲየም ተከማችቷል። የሶዲየም አዮኖች የሸክላ ቅንጣቶችን አንድ ላይ ማያያዝ ስለማይችሉ ቅንጣቶቹ ይበተናሉ፣ ክፍተቶቹም ይደፈናሉ፤ ውሃ ቢለቀቅበትም አይጠጣም። ካልሲየም ያለው ጂፕሰም ተጨምሮበት፣ ሶዲየሙም ታጥቦ እንዲወጣ ከተደረገ ግን ይመለሳል። ከሰላ አጠገብ የጋሽ ወንዝ በክረምት ብቻ ወርዶ በሚተፋው ደለል ላይ፣ በዳርፉርም ከ3,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው የጀበል መራ እሳተ ገሞራዊ አፈር ላይ የሚታረሱ ለም ቦታዎች አሉ፤ ስፋታቸው ግን ውሱን ነው።

በ1970ዎቹ ሱዳን የዓረቡ ዓለም የዳቦ ቅርጫት ትሆናለች ሲባል የተቆጠረው በአብዛኛው የመሬቱ ስፋት ነበር። አንድ ሄክታር ቆዝ፣ አንድ ሄክታር ጀዚራና አንድ ሄክታር ካሩ ግን በአንድ ዓምድ የሚደመሩ አይደሉም። በቆዝ ላይ የሚያዋጣው ትራክተር ሳይሆን የሐሻብ ዕረፍት ነው፤ በካሩ ላይ ከማዳበሪያ በፊት ጂፕሰም ይቀድማል፤ ጀዚራ ደግሞ ቦዮቿ ካልሠሩ ከፊል በረሃ ናት። ይህን የመጨረሻውን እ.ኤ.አ. በ2023 የተነሣው ጦርነት በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ጀዚራ ሲዘልቅ በገሃድ አሳይቷል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ከደጋችን የሚወርደውን ደለል አብዛኛውን ያስቀራል። ለጀዚራ ይህ እፎይታ ነው፤ ቦዮቿን የሚደፍነውን ደለል ማስወጣት ብዙ ገንዘብ ሲፈጅባት ኖሯልና፣ የሜዳዋም አፈር ከጥንት የተከማቸ ስለሆነ አዲስ ደለል አይጠብቅም። በገርፍ ላይ ለሚዘራው የሰሜን ገበሬ ግን ነገሩ የተለየ ነው፤ እርሱ በየዓመቱ ሲዘራ የኖረው ያን ክረምት በደረሰው ደለል ላይ ነው።