የውፍረት ዘረ-መልና የኢንሱሊን ተቋቋሚነት በጉርምስና ዕድሜ

ክብደታቸውና ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት የ15 ዓመት ተማሪዎችን እናስብ። ሁለቱም ከልክ ያለፈ ውፍረት አላቸው። የአንደኛው አንገት ከኋላ በኩል ጠቁሮና ሻክሮ ይታያል፤ እናቱ እድፍ መስሏት በሳሙና ብትፈትገውም አይለቅም። የሁለተኛው ቆዳ ግን እንደ ወትሮው ነው። እንዲህ ያለው ጥቁረት ብዙውን ጊዜ በደም ውስጥ ኢንሱሊን መብዛቱን ስለሚጠቁም፣ ልጁን የሚያስፈልገው ቁጣና ሳሙና ሳይሆን የደም ስኳር ምርመራ ነው። ክብደታቸው እኩል ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭ ሆርሞን ነው። በደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል፤ ጉበትም ከሚገባው በላይ ግሉኮስ እንዳይለቅ ይገታል። ሕዋሳቱ ለዚህ ትእዛዝ ተገቢውን ምላሽ መስጠት ሲያቅታቸው የኢንሱሊን ተቋቋሚነት ተከሰተ እንላለን። ቆሽት ጉድለቱን ለማካካስ አብዝቶ ያመነጫል፤ ማካካሱ ሲሳነው ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ይከተላል። በጉርምስና ወቅት የዕድገት ሆርሞን ስለሚበዛ የኢንሱሊን ኃይል በጤናማ ልጅ እንኳ ለጊዜው ይቀንሳል። ውፍረት ሲታከልበት ሸክሙ ይደራረባል፤ በተለይም ስቡ ከቆዳ ሥር መሆኑ ቀርቶ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ሲከማች። ስቡ የሚከማችበትን ስፍራ በከፊል የሚወስነው ደግሞ ውርስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች የስኳር በሽታን ዘረ-መል ሲፈልጉ ኤፍ.ቲ.ኦ. ከተባለው ዘረ-መል ላይ ደረሱ። ለውፍረት የሚያጋልጠውን ዓይነት ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱ አዋቂዎች፣ ጨርሶ ካልወረሱት ይልቅ በአማካይ 3 ኪሎ ግራም ያህል ይከብዳሉ። እኛን ያስገረመን ግን ሌላ ነው፤ የክብደቱ ልዩነት በስሌት ሲወገድ ከስኳር በሽታ ጋር የነበረው ዝምድናም አብሮ ጠፋ። እንግዲህ ይህ ዘረ-መል ወደ በሽታው የሚያደርሰው በውፍረት በኩል አዙሮ ነው ማለት ነው።

በቀጥታ የሚያውክም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በግሪንላንድ ሕዝብ ላይ በታተመ ጥናት፣ ግሉኮስ ወደ ጡንቻ የሚገባበትን ሥርዓት የሚያሰናክል የዘረ-መል ለውጥ ተገኝቷል። ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሱት ሰዎች በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 10 እጥፍ ያህል ነው። ይህን ያህል ብርቱ የሆነ ለውጥ ብርቅ ነው። በአብዛኛው ሰው ዘንድ በርካታ ዘረ-መሎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ።

«ውፍረት በዘራችን ነው» የሚሉ ቤተሰቦች ታዲያ አልተሳሳቱም፤ ነገሩን ግን ገና ከግማሹ አላለፉም። እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ 752 የአውሮፓ ጎረምሶች በታተመ ጥናት፣ በየቀኑ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ በሚንቀሳቀሱት ላይ የኤፍ.ቲ.ኦ. ተጽዕኖ ከሌሎቹ በእጅጉ አንሶ ተገኝቷል። እንቅስቃሴ በተቋቋሚነቱ ላይ የራሱ መንገድም አለው፤ የሚኮማተር ጡንቻ የኢንሱሊንን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ግሉኮስን ከደም ይስባል፤ ሥራው ካበቃ በኋላም ለሰዓታት ለኢንሱሊን ይበልጥ ታዛዥ ሆኖ ይቆያል።